የማቆያው ዳኛ

በእኛ ሆስፒታል አዲስ ሥራ አስኪያጅ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚለወጠው የግድግዳው ወረቀት ነው። አንዱ «ሰዓት ይከበር» ብሎ ይለጥፋል። ተከታዩ እሱን ልጦ «ታካሚ ይከበር» ይላል። ጦርነቱ አልፎ ሆስፒታሉ ከባዶ ግድግዳ ሲነሣ፣ አልጋው ገና ሳይሟላ አለቃው በላይ በላዩ ተቀያየረብን። እኛም ወረቀቱን ትተን የሰውየውን ፊት ማንበብ ለመድን፤ ይኼኛው ስንት ጊዜ ይቆይ ይሆን እያልን።

አዋላጅ ነኝ። ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ እገባለሁ፤ ማታ እወርዳለሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ የእናቶች ማቆያውን የምመራው እኔ ነኝ። ማቆያው ከሩቅ ገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት ነው፤ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተደረደሩ አልጋዎች፣ በስተጓሮ አንዲት ማብሰያ። እናቴ በልጅነቴ «የአንቺ ዓይን ሰው ቤት ገብቶ ይቀራል» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የሰው ነገር ይደንቀኛል። በተለይ ሰው ለምን እንደሚታዘዝና ለምን እንደማይታዘዝ ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት ከአለቆቼ ጋር ብዙ ጊዜ አነካክቶኛል።

የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነበር። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ነበረው፤ «ለምን?» ይላል። መጀመሪያ እሱ «ለምን» ሲል ሠራተኛው ነገር የሚፈልግ መስሎት ይደነግጥ ነበር፤ ኋላ ግን ሰውየው የምሩን አላዋቂ መሆኑን ስናይ ወደድነው። እኔ ደግሞ ቢጤዬን ያገኘሁ መሰለኝ።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በማብሰያው በኩል ሲያልፍ፣ ከማቆያው የተመለሰውን ምግብ አየ። ምስሩ እንዳለ ነው፤ ጎመኑም አልተነካም። ጣቱን ሰደድ አድርጎ ቀመሰው።

«ይኼማ እኔ ቤት ከሚበላው ይሻላል» አለ። «ለምን ይመለሳል?»

«ጾም ነው» አልኩት።

«ነፍሰ ጡር ትጾማለች?»

«ግዴታ የለባትም። ግን ይጾማሉ።»

ነገሩ እንደዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ማታ ማታ ትንሽ ይቀምሳሉና ጤነኞቹ አያሰጉንም ነበር። የሚያሰጋን አንዲት ከቢስቲማ የመጣች ሴት ነበረች። ቀጭን ናት፤ ፈገግታዋ አይለያትም፤ የዓይኗን ሽፋን ገልበጥ ሳደርገው ግን ውስጡ ነጥቶ ነጠላ መስሏል። ሐኪሙ ለሥራ አስኪያጁና ለእኔ ቁርጡን ነገረን። የሴትየዋ ደም በጣም አንሷል። ቀን ቀን ደጋግማ መብላትና የደም ኪኒኗን ከምግብ ጋር መውሰድ አለባት፤ በባዶ ሆዷ ስትውጠው ያስመልሳታል። እንዲሁ ሆና ወልዳ ከደማች፣ የምንሰጣት ደም በጊዜው ላይገኝ ይችላል። መውለጃዋ ደግሞ ተቃርቧል።

ሥራ አስኪያጁም ያው ሹም ነውና መጀመሪያ ወረቀት ለጠፈ። «ነፍሰ ጡር እናቶች ምሳቸውን መብላት አለባቸው» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ሴቶቹ አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል እኔን ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው።

«ደግ ብሏል። እድሜ ይስጠው» አሉ። ምሳው እንዳለ ተመለሰ።

ቀጥሎ ሼሁንና ቄሱን አስጠራ። ሁለቱም አዛውንት በአንድ ጠዋት መጡ፤ እርስ በርስ ሲቀላለዱ ከበሩ ጀምሮ ይሰማ ነበር። ሼሁ ለሙስሊሞቹ «ነፍሰ ጡር ላይ አላህ አላጠበቀም። ብሉ፤ ያልጾማችሁትን ቀን ከወለዳችሁና ከበረታችሁ በኋላ ቀዳ ትጾሙታላችሁ» አሉ። ቄሱም ለክርስቲያኖቹ «እግዜር የሕፃን ረሃብ አይፈልግም፤ እኔ ፈትቻችኋለሁ» አሉ። ሴቶቹ መስቀል የሚሳለመው ተሳለመ፣ ዱዓ የሚቀበለውም አሚን አለ። ሁሉም ደስ ያለው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ምሳው እንዳለ ተመለሰ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። አልተቆጣም፤ ግራ ተጋብቷል። «መንግሥት ብሉ አለ። ሃይማኖት ብሉ አለ። ርሃቡም አለ። ታዲያ የሚከለክላቸው ማነው?» አለኝ። እኔም ይህ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳ ሆነብኝ። ከሁለቱም ሃይማኖት ዘመድ አለኝ፤ አክስቴ ቤት ኢፍጣር ስበላ፣ እናቴ ቤት ፋሲካ ስፈስክ ነው ያደግሁት፤ ይኼ አልገባኝ ማለቱ አናደደኝ።

የቢስቲማዋን ለብቻዋ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ጠየቅኋት። «ሼሁ ፈቅደውልሽ የለም ወይ?»

«ፈቅደውልኛል፤ አላህ ይስጣቸው።»

«ታዲያ?»

ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «ክርስቲያኖቹ ጾመኛ ናቸው። ያቺ የኩታበሯ አልጋዋ ፊት ለፊቴ ነው። እሷ ከንፈሯ ደርቆ እኔ ፊቷ ላይ ላላምጥ? ወላሂ፣ ነውር ነው።»

ከኩታበር የመጣችው ይህች ሴት ክርስቲያን ናት፤ ከሁሉም በዕድሜ ጠና ያለች፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት። ቤቱን በአንደበቷ የምታስተዳድረው እሷ ነበረች፤ ሽንት ቤት ያቆሸሸ፣ ብርድ ልብስ የጎተተ ከእሷ አያመልጥም። ወደ እሷ ሄድኩ።

«ቄሱ ፈተውሽ የለም ወይ?»

«ፈተውኛል። ግን እህት ዓለም፣ እስላሞቹ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ውለው እኔ ቁጭ ብዬ እጠቀልላለሁ? እንዲህ አድርጎ ማን አሳደገኝ? ደግሞም የእኔ...» ብላ አቋረጠች። «ይቅር፤ ሌላ ነገር የለም።»

ሳቄ መጣ። ጓሮ ሄጄ ብቻዬን ሳቅሁ። አንዷ ሌላዋን አክብራ፣ ሌላዋም አንዷን አክብራ፣ ማንም ያላዘዘውን ጾም በይሉኝታ እየጾሙ ነው። ይህ እንግዲህ ከእኛ ከወሎዎች በቀር የማንም ስሕተት ሊሆን አይችልም። ወዲያው ግን የቢስቲማዋን የዓይን ሽፋን አስታወስኩና ሳቁ ሄደልኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው እሱም ሳቀ። «ይኼማ ቀላል ነው» አለ። በምሳ ሰዓት ሙስሊሞቹ በአንድ ክፍል፣ ክርስቲያኖቹ በሌላ ክፍል እንዲሆኑ ከጎን ያለችውን ዕቃ ቤት አስለቀቀ። ክርስቲያኖቹ እሺ ብለው ፍራሻቸውን ይዘው ዕቃ ቤቷ ገቡ። በሩ ሳይዘጋ የኩታበሯ ወጣች።

«ማን ነው ያጣላን?» አለችኝ።

«ማንም አላጣላችሁም፤ እንድትበሉ ነው።»

«ሳንጣላ ከለያችሁን፣ አገር ምን ይላል? ያልነበረ ነገር ነው የምታመጡብን።» ፍራሿን ራሷ ጎትታ መለሰች። የቢስቲማዋም ያን አቅም የሌለው ሰውነቷን ይዛ ልታግዛት ተነሣች። ሁሉም ወደ ሰፊው ክፍል ተመለሱ፤ ምሳውም ወደ ማብሰያው ተመለሰ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ገባ። መካከላቸው ቆሞ፣ በትሕትና፣ «እባካችሁ ብሉ» አለ። «እሺ ጌታዬ» አሉ ሁሉም። እስኪወጣ ጠበቁና ሳህኖቹን በክዳን ከደኑ። በመስኮት ዞሮ አያቸው። እዚያው ጓሮው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የቢስቲማዋ የዚያን ቀን ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ግድግዳ ይዛ ነበር፤ እሱም አይቷታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «ቧንቧ ውሃ እንደገባሁ ጎረቤቶቼ ቅሬ ግባ አሉኝ።»

ቅሬ እዚህ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ለቅሶ ቤቱን የሚያቆም የሰፈር ማኅበር ነው፤ መሪው ዳኛ ይባላል። ቅሬ ያልገባ ሰው ደሴ ውስጥ ቢኖርም እንዳለ አይቆጠርም።

«ጾሙ ሳይገባ ለቅሶ ደርሼ ነበር» አለ። «ምግብ ቀርቦ ሁሉም ተያየ። ማንም እጁን አልሰደደም። ዳኛው ተነሣ፣ አንድ ጎረሰ፣ ‹ብሉ› አለ፤ ወዲያው ሁሉም በላ። ሰውየው እኮ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው፤ ማኅተም እንኳ የለውም። ለምን ታዘዙት?»

አሰብኩት። መልሱ አፌ ላይ የመጣው ስናገረው ነው። «ለቅሶ ቤት ቀድሞ መብላት ነውር ነው። ዳኛው ቀድሞ ሲጎርስ ነውሩን እሱ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚበላው ሰው በላተኛ አይባልም፤ ታዛዥ ነው።»

«ዳኛው ደግሞ አብሯቸው የሚያለቅስ ነው።»

«ከእነሱ ነው፤ እነሱም ናቸው የመረጡት።»

«እኔ ዛሬ ብሉ ስል አልበላሁም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ብበላስ ምን ነውር ይደርስብኛል? ቢሮዬ ገብቼ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ማቆያው ዳኛ ይምረጥ ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንድ ባልደረባችን «ሆስፒታል ውስጥ ቅሬ ልናቋቁም ነው?» አለ። ሥራ አስኪያጁም አልተቀየመም፤ «እየሳቃችሁ አግዙኝ» አላቸው።

ሴቶቹም መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላና በሻሽ ሸፍነው ሳቁ። ቅሬን የሚመራ ወንድ ነው ሲባል ነው የሚያውቁት። ቢሆንም ምርጫው ጊዜ አልወሰደም። ሁሉም ወደ ኩታበሯ አመለከቱ። የቢስቲማዋ ከተጋደመችበት ቀና ብላ «ወላሂ፣ ከሷ ሌላ ዳኛ አልሻም» አለች።

የተመረጠችው ግን አልሳቀችም። ለነገር የማትመለሰው ያቺ ሴት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ጀመር። ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ዳኛ ራሱ ሳይበላ ብሉ ማለት አይችልም አይደል?»

«አይሆንም መሰለኝ።»

«ተሾምኩ፤ እንግዲህ መብላቴ ነው» አለች፤ ቀልዷ ግን ፊቷ ላይ አልደረሰም። ወደ ጓሮ ይዛኝ ሄደች። «ለቄሱ ያልነገርኳቸው አለኝ። ከዚህ በፊት ወልጄ አልቆመልኝም። የመጨረሻው በስደቱ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው የቀረው። ይኼኛውን ስይዝ ለእመቤታችን ተሳልኩ። ይህን በሕይወት ካሳቀፍሽኝ ሁዳዴን አንድ ቀን ሳልገድፍ፣ ውሎዬን ሳልቀንስ እጾምልሻለሁ አልኳት። ቄሱ ጾሙን ፈቱልኝ እንጂ ስለቱን አያውቁም።»

«ታዲያ ሂጂና ንገሪያቸው፤ ይፈቱልሽ ይሆናል።»

«ቄሱ አገር ቤት ተዝካር ወጥተዋል አሉኝ። እስኪመለሱ ትጠብቃለች?» በአገጯ ወደ ክፍሉ አመለከተች።

ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ሌላ ሰው እናስመርጥ» አልኳት።

«ማንን? ከእኔ ቀድማ የምትጎርስ የለችም። ሁሉም ዓይኑን የጣለው እኔ ላይ ነው።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ፈራሁላት። ከዚያ በፊት አንድ ሰው እንዲበላም እንዳይበላም እኩል ፈልጌ አላውቅም ነበር።

ምሳ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ በመስኮት እንዳያይ ከለከልኩት። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። የኩታበሯ እጇን ታጠበች፣ አማተበች፣ ሳህኗን ይዛ ከአልጋዋ ተነሣችና የቢስቲማዋ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።  እንጀራውን ቆረሰች፤ ምስሩን አጠቀሰች፤ እጇ አፏ ጋ ሲደርስ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጎረሰች። አኝካ እስክትውጥ ድረስ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር።

«ዳኛችሁ በልታለች» አለች። «ነውር ካለው የእኔ ነው። በሉ፣ ቢስሚላሂ በሉ።»

የቢስቲማዋ «ቢስሚላሂ» ብላ እጇን ሰደደች። ከዚያ ሁሉም በሉ። ኪኒኗንም ዋጠች፤ አላስመለሳትም። የዚያን ቀን ሳህኖቹ ባዶአቸውን ሲመለሱ የማብሰያዋ ሴትዮ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ሥራ አስኪያጁ «እንዴት ሆነ?» ሲለኝ «በሉ» ብቻ አልኩት። የቀረው የእኔ ስላልነበረ አልነገርኩትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳኛዋ በየምሳው ቀድማ ትጎርሳለች። የቢስቲማዋ ፊት ቀስ በቀስ ደም ለበሰ፤ ግድግዳ መያዙንም ተወች። ምጧ ሲመጣ በሰላም ወለደች። ደምታለች፤ ሐኪሙ ከፈራው ግን ያነሰ ነበር፤ ሰውነቷም ቻለው። ወንድ ልጅ ታቅፋ ወደ አራሶቹ ክፍል ገባች።

እሷ ገና ሳትወጣ የኩታበሯ ምጥ ጀመራት። ረጅም ምጥ ነበር። ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ያ ስለታም ምላስ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቃል ብቻ ቀርቷት ነበር፤ «በላሁብሽ፣ እመቤቴ፣ በላሁብሽ» እያለች ትጮኻለች። ሌሎቹ አዋላጆች ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባቸውም። ከእኛ በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለዩት አራሶች ግን ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ልጇ ስትወጣ አላለቀሰችም። ጀርባዋን አሸሁ፣ አፏን ጠረግሁ፤ እኔም በሆዴ እመቤቴን ስማጸን እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ አለቀሰች። እናቷ ግን ልጇን ደረቷ ላይ ሳደርግላት እንኳ አላመነችኝም፤ «ትቆያለች? ትቆያለች?» ነበር የምትለኝ።

ቆይታለች። ለክትባት ስታመጣት አይቻታለሁ፤ ጉንጯ የተነፋ፣ እንደ እናቷ ቁጡ ልጅ ናት።

ሥራ አስኪያጁ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሲሄድ ቅሬው ምርቃት አድርጎ ሸኘው፤ በሥራ ዘመኑ ከተቀበለው የምስክር ወረቀት ሁሉ ይበልጥብኛል አለኝ። የእሱ ተተኪ ሲመጣ እንደተለመደው ወረቀቱ ተለወጠ። ማቆያውን ሲጎበኝ ሴቶቹ ዳኛቸውን አስተዋወቁት፤ ሴቶቹ ወልደው በወጡ ቁጥር አዲስ ይመርጣሉ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «ይህች ዳኛ የምትባለው በመዋቅሩ ላይ የት ነው ያለችው?» አለኝ። እጠይቃለሁ አልኩት፤ እስካሁን እየጠየቅሁ ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ሰኞ፣ ከሥራ ወጥቼ ለቤት አትክልት ልገዛ ሰኞ ገበያ ገባሁ። በግፊያው መካከል አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት እጄን ያዘችኝ። የቢስቲማዋ ናት። ወፍራለች፤ ከንፈሯ ግን ደርቋል። ተሳሳምን፤ ልጁንም ሳምኩት። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እዚያው አጠገባችን ወዳለው ሻይ ቤት ጎተትኳት።

«አብሽሪ፣ ሲስተር፣ እኔ አልጠጣም። ጾመኛ ነኝ» አለችኝ።

«ቀዳሽን እስካሁን አልጨረስሽም?»

«የኔንማ ጨርሻለሁ፣ አልሀምዱሊላህ።» ልጁን ጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችው። «ይሄ የዳኛችን ነው፤ ምጥ ላይ ‹በላሁብሽ› ስትል በግድግዳው ሰምቼ፣ ኋላ ስጠይቃት ስለቷን ነገረችኝ። በእኔ የተነሣ የበላችባቸውን ቀኖች ነው የምጾምላት። ልጅቷ እንድትቆይላት።»

 አፌ ላይ የመጣልኝ የተለመደው ጥያቄዬ ነው። «የሰው ስለት ለሰው ይጾማል እንዴ? ሼሁን ጠየቅሻቸው?»

«አልጠየቅኩም» አለችኝ። «እሷስ ስትበላልኝ ቄሱን ጠይቃ ነበር?»